በቀጥታ ቢሆን ሠላሳ አምስት ደቂቃ

በየቤተሰቡ አንድ «ቅርብ ነው» ባይ አይጠፋም። ቤተሰባችሁ ውስጥ ከሌለ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ይኖራል፤ እዚያም ከሌለ እናንተው ራሳችሁ እንዳትሆኑ ጠርጥሩ። ይህ ሰው መንገድ ሲጠየቅ እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ በአገጩ ጠቆም አድርጎ «እዚችው ናት» ይላል። አምናችሁት ትሄዳላችሁ። ጫማችሁ አቧራ ለብሶ፣ ምላሳችሁ ደርቆ፣ ሌላ ሰው ደጋግማችሁ ጠይቃችሁ፣ «እዚችው» የተባለችው ገና አልመጣችም። ተመልሳችሁ ብትወቅሱት አይደነግጥም። «በየት በኩል ሄዳችሁ?» ብሎ መልሶ እናንተኑ ይጠይቃችኋል። ጥፋቱ ወይ የመንገዱ ነው ወይ የእናንተ፤ የእሱ ሆኖ አያውቅም።

ለእኛ ቤት የደረሱን የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። «ናቸው» የምለው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አይደለም። ፊት ለፊት ስንገናኝ «ጋሼ» እያልኩ አንተ እላቸዋለሁ፣ ቅርም አይላቸውም። ግን እንዲህ ያለውን ሰው በጽሑፍ አንቱ ሳይሉ መሸከም አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ክቡር ቀጥታ ይባላሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ተቀብሎታል፤ እህቴም ስትናደድባቸው በዚሁ ነው የምትጠራቸው።

ክቡር ቀጥታ በሚኖሩባት ከተማ የውኃ ቧንቧ ዝርጋታ ኃላፊ ናቸው። ሥራው ጠባያቸውን አባሰው ወይስ ጠባያቸው ሥራውን መረጠ፣ አላውቅም። ውኃው ከሚነሳበት እስከሚደርስበት ያለውን መስመር ሲያዩ በመካከል ያለው ነገር አይታያቸውም። የጎረቤት አጥር፣ የአትክልት መደብ፣ የውሻ ቤት፣ ሁሉም ለእሳቸው የሚነሳ ዕቃ ነው። በራሳቸው ቤት እንኳ ከጓሮው ታንከር ወደ ኩሽና የሚሄደው ቧንቧ ሳሎኑን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ፣ ከሶፋው ሥር ገብቶ በቴሌቪዥኑ ሥር ይወጣል። እንግዳ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ወሬ ሲጀምር ኩሽና ውስጥ ያለ ሰው ውኃ ከከፈተ ከመቀመጫው ሥር አንድ ነገር ያጉረመርምበታል። እህቴ «በግድግዳው ዞሮ ቢሄድ ምን ነበረበት?» ብትላቸው፣ «ቀጥታው እያለ ለምን ይዞራል?» አሏት። ያ ቧንቧ ይኸው እስከ ዛሬ እንግዳ ያስደነብራል።

እህቴን ለማግባት የመጡትም በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ፤ አባቴ ከፈተ። የማናውቀው ረጅም ሰው ገና ደፉን ሳይሻገር «ልጅዎን ላገባ ነው የመጣሁት» አለ። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየውና «እስቲ መጀመሪያ ተቀመጥ» አለው። ከዚያ እንደ ወጉ የት እንደሚኖር ጠየቀው። «እዚችው ናት» አለ። እህቴ ካገባች በኋላ እቃዋን ስናመላልስ ነው «እዚችው» የከተማው ሌላ ጫፍ መሆኗን ያወቅነው።

አብሯቸው የሄደ ሰው ደግሞ እግሩን ብቻ ሳይሆን ክብሩንም ይዞ አይመለስም። በሰው ግቢ አሳልፈውኛል፣ በግንባታ ቦታ አሳልፈውኛል፣ አንድ ጊዜም በሴቶች ፀጉር ቤት የፊት በር ገብተን በጓሮ ወጥተናል። ፀጉሯ በአረፋ የተሸፈነ ሴትዮ በመስታወቱ ውስጥ ስታየን፣ ክቡርነታቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ደህና ዋሉ» አሏት። ጊዜ አተረፍን ወይ ብትሉኝ፣ የጓሮው በር የሚያወጣው ወደ ተቆለፈ ግቢ ነበርና ባለቁልፉ እስኪመጣ እንደ ሌባ ቆመን ጠበቅን። እሳቸው ግን ይሄን አይቆጥሩትም። «መቆም መንገድ አይደለም» ይላሉ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ጨጓራዬን የላጠው የአውሮፕላኑ ጉዳይ ነው።

እኔ የምኖረው ሌላ ከተማ ነው። የእሳቸው ከተማ አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ የእኔም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ግን ምድር አፏን የከፈተችበት ሸለቆ ተጋድሟል፤ በመኪና እሱን ለመዞር መንገድ ላይ ማደር ያስፈልጋል። በአየር ደግሞ ቀጥታ በረራ የለም። ኖሮም አያውቅም። መጀመሪያ ወደ ዋናው ከተማ ይበረራል፤ እዚያ ቁጭ ተብሎ ይጠበቃል፤ ከዚያ በሌላ አውሮፕላን ከመጡበት አቅጣጫ ጎን ለጎን ተመልሶ ይበረራል። በአጥር የሚዋሰን ጎረቤት ዘንድ ለመድረስ ከተማውን ዞሮ እንደመምጣት ነው። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ ነገር ከቀናው ማታ ይደርሳል፤ የቀናው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ክቡር ቀጥታ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሆኖም ስልካቸው ላይ አንድ ገጽ አገኙ። የሁለት ማረፊያዎችን ስም ሲጽፉለት በመካከላቸው ያለውን ርቀትና በአየር የሚፈጀውን ጊዜ ይናገራል። አውሮፕላን ይኑር አይኑር ገጹ ጉዳዩ አይደለም። ሁለቱ ተገናኙና ተዋደዱ። የእኔንና የእሳቸውን ከተማ ቢጽፉለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዕረፍት የለኝም።

«በቀጥታ ቢሆን እኮ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነህ» ይሉኛል፣ በደወሉ ቁጥር።

«አውሮፕላኑ የለማ፣ ጋሼ።»

«አውሮፕላኑን ተወው። ርቀቱን ነው የምልህ።»

«በርቀት ላይ ተሳፍሬ ልምጣ?»

«እሱ የአየር መንገዱ ጉዳይ ነው።»

ዋናው ከተማ ያለውን የመጠበቂያ አዳራሽ የማያውቅ ሰው ይህ ንግግር ለምን ቆሽቴን እንደሚያሳርረው አይገባውም። ወንበሮቹ አንድ ላይ በብረት የታሰሩ ናቸው፤ ከጫፍ ያለው ሰው እግሩን ካወዛወዘ የመስመሩ ሰው ሁሉ አብሮ ይወዛወዛል። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ስትመጣ ሁላችንም እግራችንን እናነሳለን፤ አንስተን ሳንጨርስ ድምፅ ማጉያው የሆነ በረራ መዘግየቱን ይናገራል፤ የማን እንደሆነ ስለማይሰማ ሁሉም የራሱ ይመስለዋል። ጎኔ የተቀመጠ ሁሉ የሕይወት ታሪኩን ነግሮኛል። የአንድ ሰውን የሐሞት ከረጢት ታሪክ በሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ላይ ሰምቼዋለሁ። ይህን ሁሉ አልፌ፣ ፊቴ ተጨማዶ፣ ሸሚዜ ተጨማዶ ስደርስ፣ ክቡርነታቸው የመሥሪያ ቤታቸውን ፒክአፕ ተደግፈው ይጠብቁኛል።

«ይኸው ደረስክ። ምን አላት?»

«ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ ጋሼ።»

«አየር ላይ የነበርክበትን ብቻ ንገረኝ እስቲ።»

ሻንጣዬን ራሴ እጭናለሁ። ከእሳቸው ጋር ለመከራከር የሚያስችል ጉልበት ኖሮኝ ደርሼ አላውቅም።

ይባስ ብለው ወሬውን ሰፈር አዳረሱት። የመድኃኒት መደብሯ ባለቤት፣ ለእናቴ የደም ግፊት ኪኒን ልገዛ ብገባ፣ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ሠላሳ አምስት ደቂቃ ላይ እየኖርክ እናትህን እንዲህ ትረሳለህ?» አለችኝ። ላስረዳት ጀመርኩ። የሸለቆውን፣ የዋናውን ከተማ፣ የአዳራሹን ነገር። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰበብ የሚደረድር ልጅ ምን እንደሚመስል በእኔ አዩ።

እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ጠቅልላ እህቴ ቤት ገብታለች። አባቴ እዚያው ከተማ ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ሲገባ እኔ ያ አዳራሽ ውስጥ እግሬን አንስቼ ነበር። ስደርስ አባቴ አልነበረም። እናቴ በዚህ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ግን ከዚያ በኋላ ክቡር ቀጥታ ያቺን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲነግሯት ፊቷ በራ። ለእንግዳው ሁሉ «ልጄ እዚሁ ነው» ማለት ጀመረች። ለብቻቸው ወስጄ «ለሌላው የፈለግከውን በል፤ ለእማዬ ግን አትዋሽ» አልኳቸው። ከልባቸው ተገረሙ። «ውሸቱ የቱ ጋ ነው? የተለካ ርቀት እኮ ነው።»

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት እህቴ ደወለች። እናቴ ከበረንዳው ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል። መጀመሪያ የጠየቅኩት ያ ቧንቧ እጁ አለበት ወይ ብዬ ነው። የለበትም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ፤ የምቆጣው ሰው ፈልጌ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የላትም። አንድ ሐኪም በየወሩ ከተማ ለከተማ በመኪናው እየዞረ ያክማል፤ ደግነቱ የዚያን ሳምንት እዚያው ነበር። ከነገ ወዲያ ቀትር ላይ ግን ወደ ቀጣዩ ከተማ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ካልሠራላት የሚመለሰው በወሩ ነው፤ በእሷ ዕድሜ ያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ለእህቴ ኮሪደር ላይ ነግሯታል።

«ታዲያ ነገውኑ ትሠራ» አልኳት።

«አልገባም ብላለች። ልጄን ሳላይ አልገባም ነው የምትለው።»

«ለምን?»

«አባዬ እንዳላየህ ነው የሄደው። እኔም እንደሱ አልሆንም አለች። ደግሞ ምን ችግር አለው፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው ትላለች።»

ስልኩን ለክቡርነታቸው እንድትሰጣቸው ጠየቅኳት። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ደግ ንግግር አልነበረም። እሳቸው ግን ገና «ሄሎ» ሳልል «ነገ ና እንጂ፣ ምን አላት» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ግን የወትሮው ድፍረት አልነበረም። ያዘጋጀሁትን ዋጥ አድርጌ ሻንጣዬን አነሳሁ።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው በረራ ወጣሁ። አዳራሹ እንዳለ ነው፤ እግሬን አነሳሁ፣ አወረድኩ። ሁለተኛው አውሮፕላን ከሰዓት በፊት ተነሳና ለአንድ ጊዜ እንኳ ሁሉም ነገር ሊቀና ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው በመስኮቱ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው። ከተማዋ በዳመና ተሸፍናለች። አብራሪው ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ቀዳዳ ፈለገ፣ አጣ። በመጨረሻ ማረፍ እንደማይቻልና ወደ ሌላ ከተማ እንደምንሄድ በለዘበ ድምፅ ነገረን። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ግን ማልቀስ ቀርቶ የምቆጣበት አቅም እንኳ አልነበረኝም።

ያረፍንባት ከተማ ማረፊያ አንድ ክፍልና አንድ የሻይ መሸጫ ናት። ሠራተኛው ሰማዩ ከተከፈተ ነገ እንደምንሄድ ነገረን፤ ነገ ስንት ሰዓት ብንለው ትከሻውን ሰበቀ። ደወልኩ።

«ሰምቼሃለሁ» አሉኝ ክቡር ቀጥታ። «ማረፊያው ላይ ቆሜ ነበር። በላዬ ላይ ነው የዞርከው።»

ከዚያ ከፍታ በቀጥታ ብወርድ ስንት ደቂቃ እንደነበር እንዳይነግሩኝ ፈራሁ። አልነገሩኝም። የመኪና በር ሲከፈት ሰማሁ።

«እዚያው ጠብቀኝ። መጣሁ።»

ካለሁበት ወደ እነሱ ከተማ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተራራውን ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው የጠጠር መንገድ ነው፤ አጭር ነው፣ በክረምት ግን ወንዙ ሲሞላ ይቆረጣል። ሁለተኛው ተራራውን ሙሉ በሙሉ የሚዞረው አስፋልት ነው፤ ለመምጣት ግማሽ ቀን፣ ለመመለስ ያው ነው። ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ አስፋልቱን ሲሰድቡ የኖሩ ናቸው። «የሰነፍ መሐንዲስ ሥራ» ነው የሚሉት።

«በጠጠሩ እንዳትመጣ ጋሼ፣ ጎርፍ…»

«በአስፋልቱ ነው የምመጣው።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ስክሪኑን አየሁት። ሌላ ሰው ጋ የደወልኩ መስሎኝ ነበር።

«በአስፋልቱ?»

«ጠጠሩ ቢቆረጥስ? እማማ እየጠበቀች እኮ ነው» ብለው ዘጉት።

ሊመሽ ሲል ደረሱ። ፒክአፑ እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሷል፤ የኋላው ላይ የቧንቧ ቁርጥራጮች እንደተጫኑ ናቸው፤ ማራገፊያ ጊዜ አልሰጡትም። ዓይናቸው ቀልቷል። ሻይ ቆመው ጠጡና፣ ሻንጣዬን እሳቸው ጭነው ተመለስን። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንደጀመርን ምን ያህል እንደሚቀረን ጠየቅኳቸው።

«ገና ነው። ተኛ» አሉኝ።

ከአፋቸው «ገና» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በጣም ፈራሁ። አባቴ ትዝ አለኝ።

«በቀጥታ ቢሆንስ?» አልኳቸው። እኔ ነኝ ይሄን የጠየቅኩት።

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «እሱን አሁን ተወው» አሉ።

ጨለማውና ጭጋጉ ቀስ ስላስባለን የደረስነው ሲነጋጋ ነው። ሐኪሙ ገና አልሄደም፤ ነርሷ «መጡ፣ መጡ» እያለች ቀድማን ሮጠች። እናቴ ባለ ጎማው አልጋ ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ትንሽዬ ሆና ተኝታለች። ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፤ ካየችኝ በኋላ እህቴ ወረቀቱን አቀረበችላት፣ ፈረመች። እኔ ግን ድካሙ ይሁን ፍርሃቱ፣ አፌ ዝም አላለም።

«እማዬ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ የሚባል ነገር የለም እኮ። ቀጥታ አውሮፕላን የለም። ኖሮም አያውቅም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ?»

«በአባትህ ጊዜ ስንጠብቅህ እዚህ ኮሪደር ላይ አልነበርኩም እንዴ? እንዴት አላውቅም?» እጄን መታ መታ አደረገችው። «ሩቅ ነው የሚለኝ መች አጣሁ። እህትህ ሩቅ ነው ትላለች፣ አንተ በደወልክ ቁጥር ሩቅ ነው ትላለህ፣ ጉልበቴም ሩቅ ነው ይለኛል። ቅርብ ነው የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ማታ ማታ ያቺን ቃል ሳይነግረኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ወደ ኮሪደሩ አየች። ክቡር ቀጥታ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አልጋዬ ባዶ ነው። እኔ እስክወጣ አስተኛው» አለችኝ፣ ገፍተው ሲያስገቧት።

እህቴ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቀረች። እሳቸውን ክንዳቸውን ይዤ ወደ እናቴ ክፍል ወሰድኳቸው። የታማሚ አልጋ ላይ አልተኛም አሉ፤ ወንበር ላይ ትንሽ አረፍ ልበል አሉ፤ ምክንያቱን ሲደረድሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበርና ንግግሩን ሳይጨርሱ ወደ ጎን ወደቁ። አንቱታው እዚህ ላይ ይቅርብኝ፤ ጭቃማ ጫማውን አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ የተኛን ሰው አንቱ ማለት ይከብዳል። ጫማውን አወለቅኩለት። በእናቴ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት፤ እግሩ ግን ረጅም ነውና ወጥቶ ቀረ። አጠገቡ ወንበር ስቤ፣ በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። መተኛት አልቻልኩም። በኮሪደሩ እርምጃ በተሰማ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

በመጨረሻ ነርሷ መጣች። ሳትጠየቅ ከፊቷ አወቅኩ።

«ወጥተዋል። ደህና ናቸው። ነቅተው እንኳ ልጄ የት ሄደ እያሉ ነው» አለችኝ። እሷ አዲስ አንሶላ ይዛ ወደ አልጋው ስትዞር ቆም አለች። ከብርድ ልብሱ ሥር የወጡትን ሁለት ረጅም እግሮች አየቻቸው።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«አልጋውን ላዘጋጅ ነው እኮ፤ ይነሳ።»

«እናቴ ከማገገሚያ ክፍል እስክትመጣ ትንሽ ተዪው» አልኳት። «ከሩቅ ነው የመጣው።»